ያልሞከርኩት የአማቴ ጥይት

የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ አልፎ፣ ዝናቡ «ሄድኩ» ካለ በኋላ ዕቃ እንደረሳ ሰው እየተመለሰ የሚያስቸግርበት ሰሞን ነበር። ሆሳዕና ላይ ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጃንጥላ የናቀ ሁሉ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠግቶ ይቆማል። ከጊምቢቹ ቁልቁል ወደ ኦሞ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ግን ቦሎቄው ቅጠሉን ዘርግቶ፣ ድኩላ በየማለዳው እየወጣ የሚቀጥፍበት ጊዜ ነው። ድኩላ ለቦሎቄ ቅጠል ነፍሱን እንደሚሰጥ የማያውቅ ካለ የአደን ፈቃዱን ዛሬውኑ ይመልስ።

የወረድነው ሦስት ሆነን ነው። እኔ፣ እዚያው ተዳፋቱ ላይ የሚያርሰው ወዳጄ ኤርጊቾ፣ እና የሚስቴ አባት አቶ ሀንዲሶ።

ይህን ታሪክ የማወራችሁ ደስ ብሎኝ አይደለም። ከመካከላችሁ አንዱ በቴሌግራም የጥይት ካርቶን ፎቶ ልኮ «ጋሼ ማርቆስ፣ ይኼ ለድኩላ ቀጥ ብሎ ይሄዳል?» ብሎ ስለጠየቀኝ ነው። ካርቶኑን ሳየው ፊቴ ጋለ። ያው ዓይነት ነው። አንድ ቃል ጽፌ መገላገል እችል ነበር፤ ግን ቃሉ ብቻውን አይበቃችሁም፤ እኔም ቃሉን አውቀው ነበርና።

መጀመሪያ ስለ ጠመንጃዬ ልንገራችሁ። አጎቴ ያወረሰኝ ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው። የአፈሙዙ ውስጥ እንደ ውሃ ቧንቧ ልሙጥ ነው፤ እንደ ክላሽ ጥምዝ መስመር አልተቀረጸበትም። ለቆቅ ስትተኩሱበት ጥይቱ ብዙ ፍሬ ነው፤ እንደ ሽምብራ ይበተናል፣ አንዱ ቢስት ሌላው ያገኛል። ለድኩላ ግን አንድ ወፍራም እርሳስ ብቻ ያለበት ጥይት ነው የሚጎርሰው። እሱ ከሳተ ሳተ ነው። ይህ ባለ አንድ ፍሬ ጥይት ደግሞ ከሁሉም ጠመንጃ ጋር አይስማማም። አንዱ ልሙጥ አፈሙዝ ይወዳል፣ አንዱ ጥምዝ መስመር ያለውን ይፈልጋል፣ አንዱ ደግሞ የጎረቤትህን ጠመንጃ ወድዶ ያንተን ይጠላል። ለምን ብትሉት አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ ካርቶን ነው። ካርቶን ታቆማላችሁ፣ ጠመንጃውን አሸዋ በሞላ ጆንያ ላይ ታስደግፋላችሁ፣ ደጋግማችሁ ትተኩሳላችሁ። ቀዳዳዎቹ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ በሚያህል ቦታ ላይ ካልተሰበሰቡ ያንን ጥይት ይዛችሁ ጫካ አትገቡም። እኔ ፈቃድ ላላቸው አዳኞች መንገድ ስመራ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ይህን ሳላደርግ የወጣሁበት ቀን አልነበረም። አንድ ቀን ብቻ ነው።

አማቴ የዳምቦያ ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ምሕረትን ሳገባ አልወደዱኝም፤ ይህን አገር ያውቀዋል። «ልጄን ጫካ ለጫካ ለሚዞር ሰው ሰጠኋት» ብለው ሽማግሌዎቹ ፊት ተናግረዋል። በኋላ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ስከፍት ትንሽ ለዘብ አሉ፤ ግን ቤቴ ሲመጡ ዕቃ ሊገዛ እንደመጣ ሰው ወንበር ጫፍ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ያን ዓመት ግን ለበዓሉ መጡና ወንበሩን ሞልተው ተቀመጡ። ምሳ ከበላን በኋላ ከኮታቸው ኪስ አንድ ካርቶን አወጡ። ላዩ ላይ ቀንዳም አጋዘን ተስሎበታል፣ ወርቃማ ጽሑፍ አለው።

«ትልቁ ልጄ ከአዲስ አበባ ነው የላከልኝ» አሉ። «ፈቃድ ያለው ሱቅ ገብቶ ለድኩላ ምን ይሻላል ብሎ ጠይቆ፣ ሻጩ ከዚህ የሚበልጥ የለም አለው። ለአንተ ነው። እኔም አብሬህ እወርዳለሁ፤ በጉብዝናዬ ከአባቴ ጋር እወጣ ነበር እኮ።»

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ምሕረት ጓዳ በር ላይ ቆማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የእኔም አቅርሯል።

አማት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ምሕረት የአባቴን ስም እስከዛሬ በአፏ ጠርታው አታውቅም። እኔም አማቴ ፊት እግሬን አላነባብርም፣ ወሬያቸውን አላቋርጥም፣ የተናገሩትን «ተሳስተዋል» አልልም። ያመጡትን ስጦታ እዚያው ዓይናቸው ሥር መሞከር ደግሞ በጉርሻ ያጎረሱህን ምግብ ከአፍህ አውጥተህ እንደማሽተት ነው።

ጓዳ ገብቼ ካርቶኑን ከፈትኩ። አንዱን አውጥቼ ከአፉ በኩል አየሁት። እርሳሱ ቀጭን ነው፣ ዙሪያውን ነጭ ፕላስቲክ ለብሷል። ድሮ አንድ የውጭ አገር አዳኝ ስመራ፣ እንዲህ ያለው ፕላስቲክ የለበሰ ጥይት ጥምዝ መስመር ላለው አፈሙዝ እንደተሠራ ነግሮኝ ነበር። መስመሩ ፕላስቲኩን ይዞ ያሾረዋል፣ እየሾረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በልሙጥ አፈሙዝ ከተተኮሰ ግን የሚያሾረው የለም፤ አየር ላይ ይገለባበጣል። ሰምቼ ነበር፤ በዓይኔ ግን አላየሁም። «ምናልባት ይኼኛው ሌላ ይሆናል» አልኩ ለራሴ። ሰው ራሱን ሲያታልል «ምናልባት» የምትባል ቃል አትጠፋውም።

ለመሞከር ቦታም ጊዜም ነበረኝ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ወንድሜ እርሻ ላይ ሄጄ መተኮስ እችል ነበር። የጎደለኝ አፍ ነው። ወዴት ነው ቢሉኝስ? ጥይትዎን ልሞክር ልበላቸው? አብረው መጥተው ካርቶኑ ላይ ሲስት ቢያዩስ? ከስንት ዓመት በኋላ ወንበር ሞልተው የተቀመጡ ሰው ተመልሰው ጫፍ ላይ ሲሆኑ ታየኝ። የጥይቱን ካርቶን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከራሴ የተሞከሩ ጥይቶች ጥቂቱን ደግሞ ሳያዩኝ ግራ ኪሴ ውስጥ ጨመርኩ።

ስንወጣ ምሕረት በር ድረስ ሸኘችንና ክንዴን ይዛ «አባዬ እልኸኛ ናቸው፤ ለስለስ ብትልባቸው አይሰሙህም። ጠበቅ አድርገህ ንገራቸው፣ እሺ?» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

ኤርጊቾ ቤት አድረን ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ኤርጊቾ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። የአማቴን የተወለወለ ጫማ አይቶ «አባባ፣ ይኼ ለሰርግ ነው ወይስ ለድኩላ?» አላቸው።

«ድኩላም ቢሆን ሰው ንጹሕ ሆኖ ሲመጣለት ደስ ይለዋል» አሉት፤ ሁላችንም ሳቅን። ያን ጠዋት ደስተኛ ነበርን። አሁን ሳስበው የሚያመኝ አንዱ እሱ ነው።

ጉም ሸለቆውን ሞልቶታል፤ ከታች ወንዙ ይሰማል እንጂ አይታይም። ሌሊቱን ትንሽ ካፊያ ስለነበረ መሬቱ ለኮቴ የተመቸ ነው። የድኩላ ኮቴ የፍየል ይመስላል፤ ጫፉ ግን ሾል ይላል። ኤርጊቾ ቦሎቄው ዳር ተንበርክኮ ጣቱን አስገባበት። ጠርዙ አልፈረሰም፣ ውስጡ ውሃ አልቋጠረም። ካፊያው ካባራ በኋላ የተረገጠ ነው ማለት ነው። ከእሱ አለፍ ብሎ አንድ ለጋ ብሳና ቅርፊቱ በቀንድ ተፍቆ ተልጧል፣ ፈሳሹ ገና አልደረቀም። ወንድ ነው፣ ትልቅ ነው። ፈቃዴም ለአንድ ወንድ ነበር። ኤርጊቾ በጨርቅ የቋጠራትን አመድ ነቅነቅ አደረጋት፤ አመዱ ወደ እኛ መጣ። ነፋሱ ለእኛ ነው፤ ጠረናችን አይደርሰውም።

ከእርሻው በላይ ከወደቀ ግንድ ጀርባ ተቀመጥን። ጥይት ላጎርስ ጠመንጃዬን ሰበር አድርጌ እጄን ወደ ግራ ኪሴ ላክሁ። የራሴን ልሙጥ አፈሙዝ የሚወዱትን፣ የማውቃቸውን ጥይቶች በጣቴ ነካኋቸው። አማቴ አጠገቤ ናቸው፤ ትከሻችን ይነካካል።

«የእኔዎቹን አጉርስ እንጂ» አሉኝ በሹክሹክታ።

አጎረስኩ። በሁለቱም አፈሙዝ።

ጉሙ ሲሳሳ ድኩላው ወጣ። ብዙ ድኩላ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ጠቆር ያለ ቡኒ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ጉሮሮው ሥር ነጭ፣ ቀንዱ አንዴ ተጠምዝዞ እንደ ሰንጢ ወደ ላይ የቆመ። ጎኑን ሰጥቶን ቆመ። ርቀቱ ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ሌላው ቢሆን ነው፤ በራሴ ጥይት ዓይኔን ጨፍኜ የማልስተው ርቀት። ከትከሻው ኋላ፣ ልቡ ላይ አነጣጠርኩ። ትንፋሼን ያዝ አድርጌ ቃታውን ሳብኩ።

ድኩላው በኋላ እግሩ ቁጭ አለ። ከዚያ ተነሳና አንድ እግሩን እየጎተተ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ከውስጥ እንደ ውሻ ሲጮህ ሰማነው።

«መታኸው!» አሉ አማቴ፤ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ካገባሁ እስከዚያ ቀን ድረስ ነክተውኝ አያውቁም ነበር። እኔ ግን ልቡ ላይ አነጣጥሬ ዳሌው ላይ እንዳረፈ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥይቱ ሊሄድበት ከሚገባው መንገድ ክንድ ሙሉ አፈንግጧል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጥርጣሬ የለም፤ አውቄዋለሁ።

ቀለሁን አወጣሁ። እጄ እንደገና ወደ ግራ ኪሴ ሄደ። እዚያው ላይ አማቴ ሌላ ጥይት መዳፋቸው ላይ አድርገው ዘረጉልኝ፤ ከካርቶኑ አውጥተው ነበር። ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቷል። እና ምን አደረግሁ? ተቀበልኩ። አመስግኜ ተቀበልኩ። እዚህ ላይ ስትደርሱ ብትሰድቡኝ አልቀየማችሁም።

የቆሰለ ድኩላን ወዲያው መከተል ሞኝነት ነው፤ የቸኮለች ጅብ ቀንድ ትነክሳለች ይባል የለ። እስኪዝል ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሰው ድኩላን እንደ በግና ፍየል ቆጥሮ ይንቀዋል። ሲቆስል ግን ሮጦ አይሞትም፤ ዞሮ ይመጣል። የራሱን ዱካ ጎን ይዞ ይተኛና ተከታዩን ይጠብቃል። ስንት ውሻ፣ አንዳንዴም ሰው፣ በዚያ ቀንድ አልቋል። ኤርጊቾ ጦሩን ይዞ ተነሳና ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ሽማግሌው እዚህ ይቅሩ» አለኝ። ትክክል ነበር።

ወደ አማቴ ዞርኩ። «አባባ፣ እዚህ ሾላው ሥር ቢጠብቁን አይሻልም?»

ልብ በሉ፤ ይቆዩ አላልኩም። አደገኛ ነው አላልኩም። አይሻልም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። መምህር ደግሞ ሲጠየቅ ይመልሳል። «አይሻልም» አሉኝና ኮታቸውን ቆለፉ። ሚስቴ በር ላይ ጠበቅ አድርገህ ንገራቸው ብላኝ ነበር። ኤርጊቾ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ፤ ገባን።

ደሙ ከቅጠሉ ሥር ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው፤ ጥቁር፣ ወፍራም። የሚጎትተው እግር እርጥቡ መሬት ላይ ቦይ አውጥቷል። ኤርጊቾ ከፊት ዱካውን ያነባል፣ እኔ መካከል ነኝ፣ አማቴ ከኋላዬ። ቁጥቋጦው አጋም ነው፤ እሾሁ እጅጌ ይይዛል። ዱካው ወደ አንዲት የውሃ መውረጃ ገባና ጠፋ። ደሙም ጠፋ። ኤርጊቾ ቆመ፤ ጣቱን አነሳ። ወፍ እንኳን አልጮኸም።

ከግራ በኩል ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማሁ። ድኩላው ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ቀንዱን ወደፊት አቅንቶ፣ በሦስት እግሩ መጣ። በሦስት እግር እንዲህ ይሮጣል ብሎ የሚያምን የለም። ከእኔ ርቀቱ ከጓሮ እስከ አጥር ነው። ደረቱ ላይ ተኮስኩ። የአንዱ ግራር ቅርፊት ከጎኑ ተፈናጥሮ ሲበር አየሁ፤ ድኩላው ግን አልቆመም። ሁለተኛውን ቃታ ልስብ ስል የአማቴ ኮት አፈሙዜ ፊት ነበር። ወደ እሳቸው ነው የሄደው። ሲወድቁ ድምፅ አላሰሙም። ድኩላው ላያቸው ላይ ሆኖ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ይሰብቃል።

ጠመንጃውን ጣልኩት። ሮጬ ቀንዱን በሁለት እጄ ያዝኩ። አንድ ጊዜ አንስቶ ፈጠፈጠኝ፤ አልለቀቅኩም። ጠረኑ፣ ሙቅ ትንፋሹ፣ የማይጨፈን ዓይኑ እስካሁን ይታየኛል። «ውጋው! ኤርጊቾ፣ ውጋው!» ብዬ ስጮህ በሀዲይኛ ይሁን በአማርኛ አላውቅም። ጦሩ ከትከሻው ኋላ ገባ። ልክ እኔ ያነጣጠርኩበት ቦታ ላይ። ድኩላው ጉልበቱ ተፈታና ላዬ ላይ ተኛ።

ከሥሩ ወጥቼ ወደ አማቴ ተሳብኩ። ቀንዱ ጭናቸው ውስጥ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ወጥቷል። ሱሪያቸው ጥቁር ሆኗል። ፊታቸው ነጥቷል፤ ግን የሚያስተምሩ ይመስል በረጋ ድምፅ «ዘልቋል፣ አይደል?» አሉኝ።

«ዘልቋል አባባ።»

«እንግዲያው ቶሎ እሰረው።»

ሸሚዜን አውልቄ ቁስሉ ውስጥ ጠቀጠቅኩ፣ አንገታቸው ላይ የነበረውን ነጠላ ላዩ ላይ ጠመጠምኩ፣ ቀበቶዬን ከላይ አጠበቅኩ። ኤርጊቾ ገደሉ ጫፍ ወጥቶ ጮኸ፤ ጎረቤቶቹ በእንጨትና በጋቢ ቃሬዛ ሠርተው መጡ። ያንን ዳገት እስከ ጊምቢቹ ድረስ እየተቀያየሩ ተሸከሟቸው። እኔ ከጎን ሆኜ ጭናቸውን በመዳፌ ጨብጬ እሄዳለሁ፤ ብለቅ የሚሞቱ መስሎኛል። በመንገድ ላይ በከምባትኛ መዝሙር ያንጎራጉሩ ነበር። ድምፃቸው በቀነሰ ቁጥር መዳፌን አጥብቄ እጫናለሁ። «ጌታ ሆይ፣ እኚህን ሰው ብቻ አትውሰዳቸው» እል ነበር። ለእሳቸው ስል ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታመሰግኑኝ፤ ምሕረትን ምን ልላት እንደሆነ እያሰብኩም ነው።

ከጊምቢቹ በመኪና ሆሳዕና ሆስፒታል ደረስን። ደሙን አቆሙላቸው። ሐኪሙ ሲወጣ «ይተርፋሉ፤ ነርቩ ግን ተቆርጧል። እግራቸው እንደ በፊቱ አይታዘዝም» አለን። ወሬውን ሰምታ የመጣችው ምሕረት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመችና ወደ እኔ አየች። ምን እንደሆነ ልትጠይቀኝ አፏን ስትከፍት አማቴ ከአልጋው ላይ ቀደሟት።

«የኔ ጥፋት ነው። እዚህ ቁም ብሎኝ እንቢ አልኩት» አሉ። «ባልሽ ቀንዱን በእጁ ይዞ ነው ያዳነኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የገደለኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው በሙሉ ሊጠይቅ መጣ፤ ፍራፍሬና ጁስ ይዘው፣ እየጸለዩ። እሳቸውን ሳሙ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቀንድ የያዘው ሰው!» «እንዲህ ያለ አማች እግዜር ይስጥ!» ባጃጅ ነጂዎቹ እንኳ ስሜን ያውቁት ጀመር። አንድ ቀን ጸሎት ላይ ተነስቼ እንድመሰክር ጠየቁኝ። ተነሳሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ተቀመጥኩ። ሰዉ ትሕትና መሰለው። ማፈር እንዲህ ነው፤ ሲሰድቡህ ቀላል ነው፣ ሲያመሰግኑህ ነው መሬት ተከፍታ እንድትውጥህ የምትመኘው። ልናገር እልና ደግሞ አስባለሁ። ጥፋቱ የጥይቱ ነው ብል ጥይቱን ያመጡት እሳቸው ናቸው። እግራቸውን አጥተው ደግሞ ላሳፍራቸው? ይህንንም ክብር አልኩት። ለፍርሃቴ ሁሉ ክብር የሚባል ካባ አልብሼዋለሁ።

በጋው ገባ። አማቴ በምርኩዝ መሄድ ሲጀምሩ ዳምቦያ ድረስ አስጠሩኝ። ግቢያቸው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከቤቱ ጀርባ ካለው የአፈር ገደል ፊት ካርቶን ቆሟል። ሰፈሩ እንዳይደነግጥ ለቀበሌው ሊቀመንበር አስቀድመው ነግረዋል።

«የቀሩትን ጥይቶች አምጥተሃል?» አሉኝ። ጠመንጃዬን ከነካርቶኑ ይዤ እንድመጣ ልከውብኝ ነበር። «ተኩስ።»

«አባባ፣ ለምን...»

«ኤርጊቾ ሊጠይቀኝ ሲመጣ እንደማትስት ነገረኝ። እኔ ደግሞ ሁለቴ ስትስት አይቻለሁ። ምክንያት የሌለው ውጤት የለም። ተኩስ።»

ጠመንጃውን ጆንያ ላይ አስደግፌ ተኮስኩ። ደግሜ ተኮስኩ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የራሴን እንድተኩስ አዘዙኝ፤ ተኮስኩ። ካርቶኑን ነቅዬ አመጣሁላቸው። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ። የእኔዎቹ ተቃቅፈው አንድ ቦታ ናቸው። የእሳቸው አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ አንዱ ጭራሽ ካርቶኑን አልነካም፤ አንዱ ደግሞ በጎኑ ተጋድሞ ስለገባ ቀዳዳው ክብ ሳይሆን የቁልፍ ቀዳዳ ይመስላል። በጣታቸው ቀዳዳውን ዳሰሱት።

«ይህን ታውቅ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር» አልኩ።

«መቼ?»

«የሰጡኝ ዕለት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አክብሬዎት ነው አባባ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «አይደለም» አሉ። «ብታከብረኝ ኖሮ እውነቱን ይችለዋል ብለህ ታስብ ነበር። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲያርመኝ አመሰግን ነበር። አንተ የጠበቅከው እኔን አይደለም። መልካም አማች መባልህን ነው።»

ከአጎቴ ጀምሮ እስከ ሽማግሌዎቹ ድረስ ብዙ ሰው መክሮኛል፣ ተቆጥቶኛል፤ እንደዚያች ቃል አጥንቴ ድረስ የገባ የለም። ማታ ለምሕረት ሁሉንም ነገርኳት። «ጠበቅ አድርገህ ንገራቸው ብዬህ ነበር» አለች፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ሦስት ቀን ያህል ምግብ አቅርባ ከጎኔ ሳትቀመጥ ቀረች። ከዚያ ተቀመጠች።

እንግዲህ ፎቶ ለላክኸው ልጅ መልሴ ይኸው። ያንተ አፈሙዝ ልሙጥ ከሆነ ያ ጥይት አይሆንህም፤ እርሳሱ ራሱ ጎኑ ላይ መስመር ያለውን፣ ፕላስቲክ ያልለበሰውን ፈልግ። እሱንም ቢሆን ካርቶን ላይ ሳትሞክር አትውጣ። ማንም ይስጥህ። አባትህ ቢሆን፣ አማትህ ቢሆን፣ ፓስተርህ ቢሆን፣ እኔም ብሆን። ፊታቸው ቆመህ ሞክር። ቢቀየሙ ይቀየሙ፤ ከሰው እግር የሰው ቅያሜ ይሻላል። ጫካ ውስጥ ደግሞ ሰው መቆም ያለበት ቦታ ካለ «ይቁሙ» በል። ጠይቀህ አይደለም፤ ተናግረህ።

አማቴ ዛሬም ለበዓል ይመጣሉ። ወንበሩን ሞልተው ይቀመጣሉ፤ ከእኔ ጋር ያወራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ እንደ ልጃቸው ያዩኛል። ድሮ ዳምቦያ ወዳለው ቤተ ክርስቲያናቸው በእግር ይሄዱ የነበሩ ሰው አሁን ባጃጅ ካልመጣ አይወጡም። ሲቀመጡ ቀኝ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ነው ፊታቸው ባለው በርጩማ ላይ የሚያስቀምጡት፤ እግሩ የራሳቸው አይመስልም። ያን ሲያደርጉ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ።

«ማርቆስ፣ ቀና በል» ይሉኛል።

ቀና እላለሁ። ዓይናቸውን ግን እስካሁን ማየት አልቻልኩም።